የአንጀት ሽፋን በአምስት ቀን የሚታደስ ከሆነ ማገገሙ ለምን ወራት ይፈጃል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 41 ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ናሙና ተወስዶ ሴሊያክ የተባለው በሽታ እንዳለብኝ ተነገረኝና ግሉተን የተባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ያለበትን ምግብ አቆምኩ። አልፎ አልፎ ሰው ቤት ስጋበዝ ይሉኝታ ይዞኝ ትንሽ እቀምሳለሁ እንጂ ጠግቤ አልበላም። ተቅማጡ ቆሟል፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ባለፈው ወር ኢንዶስኮፒ ሲደገም መሻሻል ቢኖርም የአንጀቴ ሽፋን ገና እንዳላገገመ ተነገረኝ። እኔ ግን የአንጀት ሽፋን በአምስት ቀን እንደሚታደስ አንብቤአለሁ። ታዲያ የእኔ ስቴም ሴሎች ሞተው ይሆን? አንድ ማዕከል የስቴም ሴል መርፌ እንድወስድ መክሮኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ሦስት ቀን ከምግብ ብትርቂ አንጀትሽ ራሱን ያድሳል ትለኛለች። የትኛው ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ሁለቱም አይጠቅሙዎትም። ስቴም ሴሎችዎ፣ በአማርኛ ግንደ ሕዋሳት የምንላቸው የሌሎች ሕዋሳት ምንጮች፣ አልሞቱም። ሞተው ቢሆን ኖሮ ተቅማጡ ሊቆም ቀርቶ አንጀትዎ ውኃና ጨው መያዝ አቅቶት በቀናት ውስጥ ሆስፒታል በተኙ ነበር። እንዲያውም አሁን በአንጀትዎ ውስጥ ያሉት ግንደ ሕዋሳት ከጤነኛ ሰው ይልቅ በርትተው እየሠሩ ሳይሆን አይቀርም። የሚያመርተው ክፍል ደህና ነው፤ የተመረተውን የሚያጠፋው ነገር ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተወገደም። ያ ነገር ግብዣ ላይ የሚቀምሱት «ትንሽ» መሆኑን በብርቱ እጠረጥራለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ግን በመጀመሪያ ያነበቡት የአምስት ቀን ነገር መስተካከል አለበት።

በአምስት ቀን የሚታደሰው አንጀት አይደለም። የሚታደሰው ከምግቡ ጋር የሚነካካው፣ ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ያህል ብቻ የሆነው የውስጥ ሽፋን ነው። ከሥሩ ያለው ጡንቻ፣ ነርቭና ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ በዚህ ፍጥነት አይቀየርም። እ.ኤ.አ. በ2005 በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች በኋላ በከባቢ አየር የተበተነውን ካርቦን 14 እንደ ቀን መቁጠሪያ ተጠቅመው የሰው ሕዋሳትን ዕድሜ ሲለኩ፣ ሽፋኑን ሳይጨምር ሌላው የአንጀት ክፍል በአማካይ ወደ 16 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳለው አግኝተዋል። ሁለተኛው ስህተት ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን የሚባለው አንድ የሽፋን ሕዋስ ከተወለደ ጀምሮ ተራግፎ እስኪወድቅ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የፈረሰ ቅርጽ ተመልሶ የሚቆምበት ጊዜ ግን ሌላ ስሌት አለው። ኢንዶስኮፒውና ናሙናው የሚለኩት ቅርጹን ነው።

ስለዚህ ቅርጽ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ለስላሳና ጠፍጣፋ አይደለም። ቪላይ የሚባሉ፣ ቁመታቸው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ እጅግ ብዙ ጣት መሰል ቅጥያዎች አሉት። ምግብ ወደ ደም የሚገባው በአብዛኛው በእነዚህ ቅጥያዎች በኩል ነው። በቪላዮቹ ሥር ደግሞ ወደ ታች የሚገቡ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በገለጻቸው ጀርመናዊ ሐኪም ስም የሊበርኩን ጉድጓዶች ይባላሉ። ግንደ ሕዋሳቱ የሚኖሩት በእነዚህ ጉድጓዶች ወለል ላይ ነው። ከምግቡ፣ ከሐሞቱና ከባክቴሪያው ርቀው፣ አንጀት ውስጥ ሊገኝ በሚችለው ከሁሉ በተሻለ ጥግ ተቀምጠዋል። ይህ አቀማመጥ በራሱ ጥበቃ ነው።

እነዚህ ሕዋሳት መኖራቸው ለረጅም ጊዜ ሲጠረጠር ቆይቷል። ሄዘል ቼንግና ቻርልስ ለብሎንድ የተባሉ በካናዳ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት፣ በጉድጓዱ ወለል ላይ የተጣበቡት ቀጫጭን ሕዋሳት የሽፋኑ የሁሉም ዓይነት ሕዋሳት ምንጭ ናቸው ብለው ነበር። ማረጋገጫው ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ በሃንስ ክሌቨርስ ቤተ ሙከራ ኒክ ባርከርና ባልደረቦቹ ኤልጂአር5 የተባለ ዘረ መል እነዚህን ሕዋሳት ለይቶ እንደሚያሳይ ደረሱበት። ሕዋሳቱን በቀለም ምልክት አድርገው ሲከታተሉ፣ ከአንድ ሕዋስ የተወለዱት ልጆች ከጉድጓዱ ወለል እስከ ቪላዩ ጫፍ ያልተቋረጠ መስመር ሠርተው ታዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቶሺሮ ሳቶ በዚያው ቤተ ሙከራ ከእነዚህ ሕዋሳት አንዱን ብቻ ወስዶ በተስማሚ ንጥረ ነገሮች ውስጥ ሲያሳድገው፣ ሕዋሱ ብቻውን ጉድጓድም ቪላይ መሰል ክፍልም ያለው ትንሽ አንጀት መሰል አካል ሠራ። ኦርጋኖይድ የሚባለው ይህ ነው። በእኔ እይታ ባለፉት ሃያ ዓመታት በሆድ ዕቃ ሳይንስ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ቅርጹን የመሥራት ዕውቀት በራሱ በሕዋሱ ውስጥ እንዳለ ያሳየው እሱ ነውና።

በአይጥ አንጀት በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ ግንደ ሕዋሳት አሉ፤ በቀን አንድ ጊዜ ገደማ ይከፈላሉ። የሰው ግንደ ሕዋሳት ከዚህ ዘገም ይላሉ። በመካከላቸው ተሰግስገው የሚገኙት ፓኔት የሚባሉ ሕዋሳት ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ፤ ለግንደ ሕዋሳቱም «እንዳለህ ቆይ» የሚል መልእክት ይሰጣሉ። ከእነዚህ መልእክቶች ዋነኛው ዊንት ይባላል። ከሽፋኑ ሥር ያሉ የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋሳትም ይህንኑ መልእክት ይልካሉ። ግንደ ሕዋስ ሲከፈል ልጆቹ በዚያች ጠባብ ወለል ላይ ቦታ ይሻማሉ። ቦታ ያገኘው ግንደ ሕዋስ ሆኖ ይቀራል፤ ተገፍቶ ወደ ላይ የወጣው ከመልእክቱ ይርቅና ዕጣው ይቀየራል። የተገፋው ሕዋስ ወዲያው አይበስልም። አራት አምስት ጊዜ ያህል በፍጥነት ይከፈልና ይበዛል፤ የሽፋኑ ብዛት የሚገኘውም ከዚህ ደረጃ ነው። ከዚያ በጎረቤታሞች መካከል ኖች የተባለው መልእክት ምግብ መጣጭ ይሁን ወይስ አመንጪ የሚለውን ይወስናል። አብዛኞቹ ምግብ መጣጭ ይሆናሉ፤ ጥቂቶቹ ዝልግልግ ፈሳሽ ወይም ሆርሞን አመንጪ ይሆናሉ። ሁሉም ወደ ቪላዩ ጫፍ ይጓዛሉ። ፓኔቶቹ ብቻ ወደ ታች ወርደው ለሳምንታት ይቆያሉ። ጫፍ የደረሰው ሕዋስ ሲራገፍ ጎረቤቶቹ ከሥሩ ተጠጋግተው ቀዳዳውን ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ጤነኛ ሽፋን ይህን ሁሉ ሲያራግፍ አያፈስም። በእስራኤል የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ስሌት፣ የሰው አካል በየቀኑ ከሚቀይረው ወደ 80 ግራም የሚጠጋ ሕዋስ ውስጥ 40 በመቶ ገደማው የሆድ ዕቃ ሽፋን ነው።

አሁን ወደ ሴሊያክ እንመለስ። በዚህ በሽታ ከግሉተን የሚመጡ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ከሽፋኑ ሥር ያሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያስቆጣሉ። የተቆጣው የመከላከያ ሥርዓት የሚያጠቃው በቪላዩ ላይ ያሉትን የበሰሉ መጣጭ ሕዋሳት ነው። እነዚህ ከጊዜያቸው በፊት ሲራገፉ ቪላዩ ያጥራል፣ ከዚያም ጠፍጣፋ ይሆናል። ግንደ ሕዋሳቱ ምን ያደርጋሉ? ምርት ይጨምራሉ። ጉድጓዶቹ ይረዝማሉ፣ በውስጣቸውም በመከፈል ላይ ያለው ሕዋስ ይበዛል። በሽታውን በናሙና የሚለየው የፓቶሎጂ ሐኪም የሚፈልገው ይህንኑ ጥምረት ነው፤ አጭር ቪላይና ረጅም ጉድጓድ። የምርመራ ወረቀትዎን ቢያነቡ ስለ ጉድጓዶቹ መርዘም የተጻፈ ሳያገኙ አይቀሩም። ያ የደከመ ግንደ ሕዋስ ምልክት አይደለም። ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ግድግዳውን በየቀኑ የሚለስን ሰው ያስቡ። ልስኑ የማይይዘው ለሳኙ ስለሰነፈ አይደለም፤ አሥር ለሳኝ ቢጨመርም ግድግዳው አይደርቅም።

የሽፋኑ የማገገም አቅም ምን ያህል እንደሆነ ለማየት በካንሰር መድኃኒት የታከሙ ሰዎችን መመልከት ይበቃል። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚከፈል ሕዋስን ስለሚገድል ሽፋኑ ይሳሳል፣ ተቅማጥ ይመጣል። መድኃኒቱ ሲቆም ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሽፋኑ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ደግሞ ኤልጂአር5 ያላቸው ግንደ ሕዋሳት በሙሉ ሆን ተብሎ ሲገደሉ ሽፋኑ አልፈረሰም፤ ሌሎች ሕዋሳት ቦታቸውን ያዙ። ቀደም ብለው ወደ ብስለት መጓዝ የጀመሩ ሕዋሳት እንኳ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሰው ግንደ ሕዋስ መሆን እንደሚችሉ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ታይቷል። አጥፊው ሲወገድ አንጀት ራሱን ይሠራል። አጥፊው እያለ ግን አይሠራም።

ታዲያ እርስዎ ግሉተን ካቆሙ ዘጠኝ ወር ሆኖዎት ለምን አልዳኑም? አንደኛው ምክንያት ዘጠኝ ወር ለአዋቂ ሰው ገና አጭር ጊዜ መሆኑ ነው። የመከላከያ ሥርዓቱ ትዝታ አለው፤ ከሽፋኑ ሥር ያለው ቁጣ ቀስ እያለ ነው የሚበርደው። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ የተከታተሏቸው አዋቂ የሴሊያክ ሕሙማን፣ ሽፋናቸው አገግሞ የተገኘው በሁለት ዓመት 34 በመቶ፣ በአምስት ዓመት 66 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሕፃናት ከዚህ በጣም ይፈጥናሉ። ስለዚህ «መሻሻል አለ» የሚለው ውጤት በዚህ ጊዜ መጥፎ ዜና አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን በእጅዎ ያለ ነው። ለሴሊያክ ሕመምተኛ «ትንሽ» የሚባል መጠን ከሚያስቡት እጅግ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥንቃቄ በተሞላበት ጥናት በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር የወሰዱ ሕሙማን ሽፋናቸው ሲጎዳ ታይቷል። አንድ ስስ ቁራጭ ዳቦ ወደ 2 ግራም ግሉተን አለው፤ 50 ሚሊ ግራም ማለት የዚያች ቁራጭ አርባኛ ክፍል ነው። ጎጂ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው የሚባለው በቀን ከ10 ሚሊ ግራም በታች ያለው ነው። አንድ ጉርሻ ደግሞ የአንድ ቀን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሊበርድ የጀመረውን ቁጣ መልሶ ይቀሰቅሳል። ተቅማጥ ስላልመጣ ጉዳት አልደረሰም ማለትም አይቻልም። ሕመም ሳይሰማ ቪላዩ እንደተጎዳ ሊቀር ይችላል፤ የድካም ስሜትዎም ይህንኑ እየነገረዎት ሊሆን ይችላል።

ስለ ጾሙ ልናገር። ጓደኛዎ የሰማችው ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ለ24 ሰዓት ምግብ የተከለከሉ አይጦች የአንጀት ግንደ ሕዋሳት ስብ ማቃጠል እንደሚጀምሩና በቤተ ሙከራ ኦርጋኖይድ የመሥራት ችሎታቸው እንደሚጨምር አሳይቷል። ያንኑ ጥያቄ የተከተለው የ2024ቱ ጥናት ግን ታሪኩን አወሳሰበው። ግንደ ሕዋሳቱ ይበልጥ የሚከፈሉት ጾሙ ካበቃ በኋላ ምግብ ሲመለስ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ካንሰር አምጪ የዘረ መል ለውጥ ከተፈጠረ ዕጢ የመብቀል ዕድሉም አብሮ ጨምሯል። ይህ ሁሉ በአይጥ ነው፤ ሰው ላይ ተመርምሮ ሴሊያክን የሚረዳ ሆኖ አልተገኘም። እርስዎ ደግሞ ምግብ የመምጠጥ ችግር ያለብዎ፣ የሚደክምዎ፣ ምናልባትም ብረትና ቫይታሚን ያነሰዎ ሰው ነዎት። ሦስት ቀን መራብ የሚጨምርልዎ ነገር የለም። የሃይማኖት ጾም ካለዎት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው በልኩ ማድረግ ይቻላል።

መርፌው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። በእንዲህ ያሉ ማዕከላት «ስቴም ሴል» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከስብ፣ ከመቅኔ ወይም ከእትብት የተወሰደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ነው። ያ ሕዋስ የአንጀት ሽፋን አይሠራም፣ በጉድጓዱ ወለል ላይም ቦታ አይዝም። በከፍተኛ ጥንቃቄ የተመረመረው የዚህ ዓይነት ሕክምና እንኳ ታሪኩ ያስተምራል። ክሮን በተባለው የአንጀት በሽታ ምክንያት በፊንጢጣ ዙሪያ ለሚፈጠር ፊስቱላ ለሚባል ያልተለመደ ቀዳዳ ከስብ የተወሰዱ ሕዋሳት እ.ኤ.አ. በ2018 በአውሮፓ ፈቃድ አግኝተው ነበር። በትልቅ ተከታይ ጥናት ጥቅማቸው ስላልተረጋገጠ በ2024 መጨረሻ ከገበያ ወጡ። እውነተኛ የአንጀት ሕዋሳትን መትከልም ተጀምሯል፤ በ2022 በጃፓን በቶኪዮ ከሕመምተኛው ከራሱ አንጀት ያደገ ኦርጋኖይድ የትልቁ አንጀት ቁስለት ላለበት ሰው ተተክሏል። ይህ ገና ምርምር ነው፤ በሽታውም የእርስዎ አይደለም። ተሳክቶ ለእርስዎ ቢደረግ እንኳ፣ ግሉተን እስካለ ድረስ አዲሶቹ ሕዋሳት የሚያፈሩት ቪላይ በዚያው የመከላከያ ሥርዓት ይጠቃል። ያልተረጋገጡ የስቴም ሴል መርፌዎችን ወስደው ለከባድ ኢንፌክሽን የተዳረጉ፣ አልፎም ዕጢ የበቀለባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። በእንክብል መልክ የሚሸጠውንም አይግዙ፤ ሕያው ሕዋስ በጨጓራ አሲድ አልፎ አንጀት ላይ አይተከልም።

«ቢያንስ ማነቃቃት ምን ይጎዳል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይጎዳል። የአንጀት ግንደ ሕዋስ በየዓመቱ 40 ያህል አዳዲስ የዘረ መል ለውጦችን ያከማቻል፤ አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። ኤፒሲ የተባለው ዘረ መል ሥራውን ሲያጣ ግን የዊንት መልእክት የሚያቆመው ያጣል፤ በትልቁ አንጀት አብዛኛው ካንሰር የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው። ሰውነት የእነዚህን ሕዋሳት ክፍፍል በብዙ ልጓም የያዘው በምክንያት ነው። ሽፋኑን በእርግጥ የሚያሳድግ የተፈቀደ መድኃኒት አንድ አለ፤ ቴዱግሉታይድ ይባላል፤ የሚሰጠው አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ላጠረባቸው ሰዎች ነው። ከመጀመራቸው በፊት ትልቁ አንጀታቸው ለፖሊፕ፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊለወጥ ለሚችል ትንሽ እብጠት፣ እንዲመረመር የሚጠየቀውም በዚሁ ስጋት ምክንያት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። መርፌውን ይተዉ፣ ጾሙን ይተዉ፣ ግሉተንን ደግሞ አንድም ጉርሻ ሳያስቀሩ ያቁሙ። ግብዣ ላይ የሚያስቸግረው ይሉኝታ ከሆነ አስቀድመው ለጋባዡ በግልጽ ይንገሩ፤ «አልወድም» ከማለት «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ይቀላል። ሴሊያክን ከሚያውቅ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ተቀምጠው የአንድ ሳምንት ምግብዎን በሙሉ ይፈትሹ፤ ሾርባ ማወፈሪያ፣ የተቀነባበረ ሥጋ፣ አብሮ የተፈጨ ዱቄትና የጋራ መጥበሻ የተለመዱ መሹለኪያዎች ናቸው። ሐኪምዎ በሴሊያክ ጊዜ ከፍ የሚለውን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካውን የፀረ ትራንስግሉታሚኔዝ የደም ምርመራ ይድገምልዎ፤ ውጤቱ እየወረደ ካልሆነ ግሉተን እየገባ ነው ማለት ነው። ወርዶ መደበኛ ቢሆን ግን ሽፋኑ አገግሟል ብለው አይደምድሙ፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ድካሙን በተመለከተ ብረት፣ ፎሌት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ እና የታይሮይድ ሆርሞን ይለኩ። ብረት የሚመጠጠው በዋናነት በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሴሊያክ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳውም ያንን ስፍራ ነው።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች የትንሹን አንጀት ሽፋን ይጎዳሉ። ኦልሜሳርታን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከሴሊያክ ጋር የሚመሳሰል የቪላይ ጉዳት ያደርሳል። በራስዎ ውሳኔ ግን አንዱንም አያቋርጡ።

ናሙናው እንደገና እንዲወሰድ አሁን አይቸኩሉ። አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምሱ አንድ ዓመት ከሞላዎት በኋላ ይደገም። ያኔም ቪላዩ ጠፍጣፋ ሆኖ ምልክቱም ካለ፣ ለአመጋገብ የማይበገር ሴሊያክ የሚባለውን ጨምሮ ሌሎች ምክንያቶችን የሚመረምር ልዩ የጨጓራና አንጀት ሐኪም ያስፈልግዎታል፤ ይህ ብዙ ሰው የማይገጥመው ቢሆንም ሊታለፍ አይገባም። ከዚያ በፊት ክብደትዎ ከቀነሰ፣ ተቅማጡ ከተመለሰ፣ ሌሊት ትኩሳት ካለዎት፣ በሰገራ ደም ካዩ ወይም ጠንካራ የሆድ ቁርጠት ከማስታወክ ጋር ከመጣብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ።